ሐኪም ሆኖ ወደ ሆሊስቲክና ባህል ሕክምና መግባት፤ ሙያ ነው ወይስ ሙያን መሸጥ? (ባሕር ዳር)

ተመላላሽ_ክፍል | እሑድ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ወገን፣ እንዴት ናችሁ? እዚህ መድረክ ላይ ከመጻፍ ማንበብ ይቀናኛል። ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ መጣሁ።

ባሕር ዳር የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። አብረውኝ የተመረቁት ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ገብተዋል፤ አንዱ ቀዶ ጥገና፣ አንዱ የውስጥ ደዌ። የእኔ ልብ ግን ሌላ ቦታ ሸፍቷል። ሆሊስቲክ ሕክምና የሚሉት። በሽታውን ነጥሎ ሳይሆን ሰውየውን ከነኑሮው ማከም። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ጾሙን፣ ጭንቀቱን፣ ቤቱ አፍልቶ የሚጠጣውን ሁሉ።

ሐሳቡ ከየት መጣ? ከዘጌ በኩል የመጡ አንድ እናት ነበሩ። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። «እቤት የወሰዱት ነገር አለ?» አልኳቸው። «ኧረ ምንም» አሉ። ከኋላቸው የቆመችው ልጃቸው በዓይኗ ዘንቢሉን ታሳየኛለች። ከዘንቢሉ ግማሹ የተጠጣ ሃይላንድ ወጣ። ጥቁር አረንጓዴ ጭማቂ፣ ከላዩ አረፋ የያዘ። ሰንሰል ነው፤ ለወፍ በሽታ። «ሐኪም ሲሰማ ይቆጣል ብለውኝ ነው ልጄ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ እንቆጣለን። ስለምንቆጣም አይነገረንም። ሳይነገረን መድኃኒት እናዛለን። እኚህን እናት ሳክም ጉበታቸውን የጎዳው ቫይረሱ ይሁን ጭማቂው መለየት አልተቻለም። እንዲህ ያለው ነገር በየቀኑ ነው የሚገጥመኝ።

አሁን ደግሞ አንድ ባለሀብት መጣ። «የሆሊስቲክ ማዕከል» እንክፈት ይላል። ዋግምት፣ አኩፓንክቸር (በቀጫጭን መርፌ መውጋት)፣ ማሳጅ፣ የታሸገ የዕፅዋት መድኃኒት። ደሞዙ አሁን ከማገኘው ጋር አይወዳደርም። ስለ ሥልጠና ስጠይቀው «ስምህና ጋውንህ ይበቃል» አለኝ።

ጥያቄዬ፦ ይህ መንገድ የእውነት ሙያ ነው? ከሆነ እንዴት ይያዛል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ፔዳ_በር | እሑድ፣ ማታ 2፡25

ዶክተር ሙድ እየያዝክ ነው? ያዘው እንጂ! ጋውን ሲደመር ቅጠል ቤት ነው፣ መኪና ነው። ማሳጁን እኔ እሠራለሁ፤ ሲቪዬን ልላክ?

ባለ_ፋርማሲዋ | እሑድ፣ ማታ 3፡02

«ስምህና ጋውንህ ይበቃል» ያለህን ነገር ደግመህ አስበው። ሰውየው የፈለገው አንተን አይደለም፤ ጋውኑን ነው። ማዕከሉ ውስጥ አንድ ሰው ቢጎዳ ተጠያቂው ደግሞ ፈቃድ ያለህ አንተ ነህ።

አባይ ማዶ ነው የምሠራው። አንዲት ደንበኛዬ ለሪህ የሚሆን «ንጹሕ የዕፅዋት» ዱቄት ገዝታ ትወስድ ነበር። ጉልበቷ ወዲያው ተሻላት። ደስ ብሏት እኔንም «ለምን አትሸጪም?» ስትለኝ ከረመች። ቆይታ ስትመጣ ፊቷ ክብ ሆኖ አብጧል። አንገቷ ሥር ሥጋ ተሸክማለች። ክንዷ ላይ ትንሽ ነገር ሲነካት ይበልዛል። ስኳሯን ለካሁት፣ ወጥቷል። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው መልክ ነው። ዱቄቱ ውስጥ ዴክሳሜታዞን ወይ ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ኪኒን ተፈጭቶ ገብቷል ብዬ ጠረጠርኩ። በብዙ አገር ተደጋግሞ የተያዘ ማጭበርበር ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም።

አደገኛው ደግሞ ማቋረጡ ነው። ሰውነቷ የራሱን ሆርሞን ማምረት ትቷል። ዱቄቱን ዛሬ ብትጥለው ግፊቷ ወርዶ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ «ጣዪው» አላልኳትም። ዱቄቱን ይዛ ሐኪም ጋ እንድትሄድ ነው ያደረግኩት። መጠኑ በሐኪም እጅ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

«ዕፅ ነው፣ አይጎዳም» ለሚል ደግሞ የቤልጅየሙን ልንገረው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ለክብደት መቀነሻ የቻይና ዕፅ የተሰጣቸው ወደ መቶ የሚጠጉ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሸ። የሰጣቸው ክሊኒክ ነው እንጂ የመንደር አዋቂ አይደለም። ሁለት ዕፅዋት በቻይንኛ ስማቸው ይመሳሰላሉ፤ በአንደኛው ፈንታ አሪስቶሎኪያ የሚባለው ገባ። በኋላ ከእነዚያው ሰዎች የሽንት ቧንቧ ካንሰር የያዛቸውም ነበሩ። ስም መመሳሰል ነው ይህን ሁሉ ያመጣው። እኛ ጋ አንድ ቅጠል ጎጃም ሌላ፣ ጎንደር ሌላ፣ ሸዋ ሌላ ስም ሲኖረው አስቡት።

የመራዊ_ልጅ | እሑድ፣ ማታ 3፡30

እህቴ አክብሬሻለሁ፤ ግን ሁሉንም መርዝ አታድርጉት። ምች ሲመታን ዳማ ከሴ ጨምቃ ያሳደገችን እናት ናት። ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም፣ ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ። ያኔ ጤና ጣቢያው የት ነበርና? አሁንም ቢሆን ሐኪም ጋ ተሰልፈህ ውለህ ሦስት ደቂቃ ሳያናግርህ ወረቀት ይጽፍልሃል። አዋቂው ቤት ግን ወንበር ይሰጥሃል፣ ስምህን ይጠይቅሃል። ሰው እዚያ የሚሄደው ደንቆሮ ስለሆነ አይደለም።

ባለ_ፋርማሲዋ | እሑድ፣ ማታ 3፡41

@የመራዊ_ልጅ ዳማ ከሴውን እኔም እጠቀማለሁ ወንድሜ። ጠቤ ታሽጎ፣ ማብራሪያው «ከስኳር እስከ ካንሰር» ከሚለው ጋር ነው። ስለ ወንበሩ ያልከው ግን ልክ ነህ።

የልጅ_ልጅ_ዘጌ | ሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ይህን የምጽፈው አያቴ እየነገሩኝ ነው። መሪጌታ ናቸው። መድኃኒት ከአባታቸው ተምረዋል። ጽሑፋችሁን አነበብኩላቸው። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ነው።

«ልጄ ዶክተር፣ እግዚአብሔር ያበርታህ። ያቺ እናት የደበቀችህ አንተን ፈርታ ነው። እኛንም ይደብቁናል። ከእናንተ የወሰዱትን ኪኒን ለእኛ አይነግሩንም፤ አዋቂው ይቀየማል ብለው። ስለዚህ ሕመምተኛው በሁለታችን መካከል ብቻውን ነው።

»የእኛ ዕውቀት ቅጠል ማወቅ ብቻ አይደለም። የትኛው ወር ይቆረጣል፣ ሥሩ ነው ወይስ ቅርፊቱ፣ በምን ይበጠበጣል፣ ምን ሲበሉበት ያጣላል፣ ለማን አይሰጥም። እርጉዝ የማትነካው አለ። ኮሶ ሲጠጣ ልክ አለው፤ ልኩን ያለፈ ዓይኑን ያጣል። ይህን ያልተማረ ሰው ዛሬ ገበያ ላይ ስልቻ ዘርግቶ ለሁሉ ይሰፍራል። እኔን የሚያናድደኝ ሐኪሙ ሳይሆን እሱ ነው።

»ሌላም ልንገርህ። እኔ ራሴ ስኳር አለብኝ። ለክትትል እሄዳለሁ። ኪኒኑን ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር ውሰድ ይሉኛል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ጠዋት ከምን ምግብ ጋር ልውሰደው? አንድም ሐኪም ጾሜን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም አልነገርኳቸውም፤ ጾምህን ፍታ እንዳይሉኝ። ሙሉ ሰው አክማለሁ የምትል ከሆነ ከዚህ ጀምር።»

(አያቴ ተናግረው ሲጨርሱ «ይህን ሁሉ ጻፍከው?» ብለው አረጋገጡ። ጽፌያለሁ።)

ተመላላሽ_ክፍል | ሰኞ፣ ምሳ 7፡05

አባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የኪኒኑ ስም ግሊቤንክላሚድ ነው ወይስ ሜትፎርሚን? ማሸጊያው ላይ አለ፤ የልጅ ልጅዎ ያንብብልዎ። ግሊቤንክላሚድ ከሆነ ሳይበሉ መውሰድ ስኳርን በጣም ያወርዳል። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ዓይን መጨለም ከተሰማዎ ጾም ነው ሳይሉ ስኳር ያለበት ነገር ወዲያው ይቅመሱ። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲሆን ይህ አደጋ ብዙም የለበትም። የሚወስዱበት ሰዓት ከማፍጠሪያዎ ጋር ሊስተካከል ይችላል። ግን በራስዎ አይቀይሩት፤ ከጾሙ መግቢያ በፊት የሚከታተልዎ ሐኪም ጋ ሄደው ይንገሩት። ጾምዎን ፍቱ ባይ ብቻ አይደለንም፤ ብዙ ጊዜ መላ አለው።

የልጅ_ልጅ_ዘጌ | ሰኞ፣ ምሳ 7፡50

ግሊቤንክላሚድ ነው ይላል። በዚህ ሳምንት ይዣቸው እሄዳለሁ። አያቴ «ይሄ ልጅ ሐኪም ነው» ብለዋል።

ነርስ_ከሚኒሶታ | ሰኞ፣ ማታ 1፡20

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ሽምብጥ ነው ያደግኩት። አሁን አሜሪካ በነርስነት እሠራለሁ። እዚህ መንገዱ እንዴት እንደሚያዝ ላካፍልህ፤ «እንዴት ይያዛል» ስላልክ።

እዚህ አገር «አማራጭ» የሚለውን ቃል ሐኪሞቹ ትተውታል። ዘመናዊውን ትተህ ሌላ ያዝ የሚል ስለሚመስል ነው። «የተቀናጀ» ነው የሚሉት። አንድሩ ዊል የሚባል ሐኪም በ1994 እ.ኤ.አ. አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማሠልጠኛ ከፈተ። እዚያ የሚገባው መጀመሪያ ሐኪም የሆነ ሰው ነው። የቤተሰብ ሕክምና ወይ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ሆኖ፣ ከዚያ በላዩ ነው የሚጨምርበት። ስፔሻሊቲን ማምለጫ አይደለም። አንተም ይህን ልብ በል። መጀመሪያ ሬዚደንሲህን ያዝ። የቤተሰብ ሕክምና የሚባለው ስፔሻሊቲ እኛም አገር ይሰጣል፤ ለምትፈልገው ነገር ከሱ የሚቀርብ የለም።

ሁለተኛ፣ «ሆሊስቲክ» የሚለው ከረጢት ውስጥ ሁሉም ነገር ይገባል፤ ግን ሁሉም እኩል አይደለም። ለምሳሌ ለቆየ የወገብ ሕመም የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከኪኒን በፊት እንቅስቃሴ፣ አኩፓንክቸር፣ ዮጋ ይሞከር ብሏል። ማስረጃ ስላለው ነው። ሆሚዮፓቲን ደግሞ እይ። ሀነማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1796 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። መድኃኒቱን በውኃ ደጋግሞ ማቅጠን ነው፤ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ጠርሙሱ ውስጥ የመድኃኒቱ አንድ ሞለኪውል እንኳ አይቀርም። የአውስትራሊያ የጤና ምርምር ምክር ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ጥናቶቹን ሰብስቦ አይቶ፣ ለየትኛውም በሽታ ይሠራል የሚያሰኝ አስተማማኝ ማስረጃ የለም አለ። ሁለቱም አንድ ማዕከል ውስጥ፣ አንድ ብሮሸር ላይ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ችግሩ ይሄ ነው።

እዚህም ቢሆን ሐኪም ሆነው ቪታሚን ሲቸበችቡ የሚውሉ ሞልተዋል። ሕመምተኛው የሚያምነው ቪታሚኑን ሳይሆን ዲግሪውን ነው። ያዘዘው ሰውና የሸጠው ሰው አንድ ከሆነ እኔ ሹልክ ብዬ ነው የምወጣው።

ማይክሮስኮፕ | ሰኞ፣ ማታ 2፡44

ሰው ሁሉ ክሊኒክ ክሊኒክ ይላል። ምርምርስ? ዶክተር፣ ሆሊስቲክ ማለት ሕመምተኛ ማየት ብቻ አይደለም።

የቱ ዩዩን ታሪክ ታውቀዋለህ። ቻይናዊት ናት፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ያገኘችው አርቴሚሲኒን የሚባለውን የወባ መድኃኒት በማውጣቷ ነው። ተክሉ ከእኛ አርቲና ጭቁኝ ጋር ዘመድ ነው። መጀመሪያ አልሠራላትም። ከዚያ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ጌ ሆንግ የሚባል ሰው የጻፈውን ስታነብ፣ ቅጠሉን በውኃ ነክሮ መጭመቅ ይላል እንጂ አፍላው አይልም። ሙቀቱ ነው ያበላሸው ብላ ገመተች። ዝቅ ባለ ሙቀት ኤተር በሚባል ፈሳሽ አወጣችው፤ ሠራ። መሪጌታ «በምን ይበጠበጣል» ያሉት ቀልድ አይደለም ማለት ነው። የአዘገጃጀቱ ዝርዝር ራሱ ዕውቀት ነው።

ግን ታሪኩን አጣሞ የሚነግድበትም አለ። «የወባ ኪኒኑ ኮአርተም ከዚህ ተክል ነው የተሠራው፤ ስለዚህ ሻዩን ጠጣ» የሚል። የዓለም ጤና ድርጅት የአርቴሚሲያን ሻይ ለወባ አይመክርም። በሻዩ ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅም፣ ያንሳል፤ ወባው ሳይሞት መድኃኒቱን ይለምዳል። ፎገራና ደንቢያ ወባ እየተመላለሰ የሚመታው ሕዝብ ላይ እንዲህ ዓይነት ቁማር አያስፈልግም።

የራሳችን ደግሞ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ወንዝ ዳር ቢልሃርዚያ ያጠና ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። ቀንድ አውጣው ነው የበሽታው አስተላላፊ። ላቦራቶሪም ሽማግሌም አልነገረውም፤ ዓይኑን ከፍቶ አጣቢዎቹን አየ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ወሰዱ። ቢልሃርዚያ ዛሬም ጣና ዳር አለ። ዋኝተን ያደግን ሁሉ እናውቀዋለን።

የልጅ_ልጅ_ዘጌ | ሰኞ፣ ማታ 3፡10

አያቴ ስለ ምርምር ሲሰሙ የሚሉት ነገር አላቸው። «መጥተው ይቀርጹናል፣ ቅጠሉን በጋዜጣ ጠቅልለው ይወስዳሉ፣ ከዚያ ድምጻቸው ይጠፋል። ምን እንዳገኙበት ተመልሶ የነገረኝ የለም።» እኔ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የጻፍኩት።

ማይክሮስኮፕ | ሰኞ፣ ማታ 3፡22

መሪጌታ ልክ ናቸው። እንዶድም የደረሰበት ይኸው ነው። አሜሪካ ያለው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የዜብራ ሙሰል የሚባለውን ቀንድ አውጣ መሰል ነገር ለመግደል ተጠቅሞ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አወጣበት። የአድዋ አጣቢዎች ግን ከፓተንቱ ምን አገኙ?

አሁን ቢያንስ ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት ነው። ዕውቀቱን ለመውሰድ የማኅበረሰቡ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጥቅም ከተገኘም ድርሻ አለው። ዶክተር፣ ወደ ምርምሩ ከገባህ ይህን ሳታነብ አንድ ቅጠል እንዳትቆርጥ።

ኦርቶ_ዋርድ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡50

ከማታ ተረኛነት እየወጣሁ ነው፤ ስለዚህ በአጭሩ። ሁላችሁም ስለ ቅጠል ታወራላችሁ። ወጌሻስ?

ትናንት ማታ የገባ ልጅ አለ። ክንዱ ተሰብሮ በቀርከሃ ጠፍር ተደርጎ ታስሯል። ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል፤ ጫፋቸው ጠቁሯል። ስትነካው አይሰማውም። አባቱ «ሲያለቅስ ወጌሻው ጥሩ ነው፣ እየገጠመ ነው ብሎናል» ይላል። ቀጥሎ የሚመጣውን ሐኪም ያውቀዋል፤ አልጽፈውም።

ወጌሻን አጥፋ ብትል አይጠፋም። ደግሞ ብዙ ስብራት በደንብ ይገጥማሉ፤ እጃቸው ይችላል። የሚጎድላቸው አንድ ነገር ነው፤ እስሩ ሲጠብቅ ደም እንደሚቆም ማወቅ። እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ተሰጥቶ፣ በእስር ምክንያት የሚመጣው ጋንግሪን (ደም ያጣ ሥጋ መሞት) እንደቀነሰ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ምን አስተማሯቸው? ጣቶቹን እያያችሁ፣ ከቀዘቀዙ ወይ ካበጡ ወይ ከደነዘዙ ፍቱት፣ አጥንቱ ቆዳ ከቀደደ አትንኩት፣ ላኩት። በቃ። ሆሊስቲክ ሐኪም መሆን ከፈለግክ በናትህ ዋግምቱን ተወውና ና ወጌሾቹን እናሠልጥን።

ጢስ_ዓባይ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

ስለ ጠበል ማንም አላነሳም። ሆን ብላችሁ ነው? ሕክምና ሕክምና ስትሉ ፈውስ የእግዚአብሔር መሆኑን እንዳትረሱ።

ነርስ_ከሚኒሶታ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡12

@ጢስ_ዓባይ ማን ረሳ? ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ ይችላሉ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው ነው ያሉት። በዚያ ቃል ስንት ሰው ኪኒኑን ሳይጥል ጠበሉን ቀጠለ! ሐኪም ሊያደርግ የሚገባውም ይኸው ነው። «ጠበል ይሄዳሉ? መልካም፤ መድኃኒቱ በቦርሳዎ ይኑር፣ ሰዓቱ አይለፍ» ማለት።

ጢስ_ዓባይ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡20

እንዲህ ከሆነ ተስማምተናል።

ፔዳ_በር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡31

የእኔ የማሳጅ ሥራ ግን የት ደረሰ?

ተመላላሽ_ክፍል | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሌሊቱን ሁሉ ደጋግሜ አነበብኩት።

ባለሀብቱን ዛሬ አገኘሁት። ሦስት ነገር ጠየቅኩት። መድኃኒቶቹ ውስጥ ምን አለ፣ ማን መረመራቸው፣ ሽያጩ ላይ የእኔ ድርሻ ባይኖር ይስማማሃል? ለመጀመሪያው «የሙያ ምስጢር ነው» አለኝ። ለሁለተኛው ሳቀ። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ ስልኩ ጮኸና ሂሳብ ከፍሎ ወጣ። ማኪያቶዬን ስለከፈለልኝ አመሰግነዋለሁ።

ስለዚህ የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንሲ እወዳደራለሁ። እስከዚያ ግን ካለሁበት ሳልነቃነቅ የምጀምራቸው ነገሮች አሉ። ካርድ ላይ ሳልቆጣ የምጠይቀውን እጽፋለሁ፦ ምን ጠጡ፣ ማን ሰጠዎት፣ መቼ፣ ጾም ላይ ነዎት ወይ፣ ጠበል ጀምረዋል ወይ። አጠያየቁም ይለወጣል። «የወሰዱት ነገር አለ?» ሲባል ሰው ይክዳል። «ብዙ ሰው ለዚህ ሰንሰል ይጠጣል፤ እርስዎስ?» ስል ግን ዛሬ ከገቡት አብዛኞቹ ነገሩኝ። አንዷ እንዲያውም ቅጠሉን ከጡቷ ሥር አውጥታ አሳየችኝ።

@ኦርቶ_ዋርድ የወጌሾቹ ነገር ልቤን ነክቶታል። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ማንን ማስፈቀድ እንዳለብን፣ ከየትኛው ወረዳ እንደምንጀምር እንነጋገር። መሪጌታንም አንድ ነገር ልለምን። ሐኪም ጋ ሲሄዱ እኔ ጋ ይምጡ፤ ስለ ኮሶው ልክ ቁጭ ብለን እንድንወያይ።

የልጅ_ልጅ_ዘጌ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡35

እሺ ብለዋል። ግን «ስለ ኮሶው የማወራው እሱ ስለ ስኳሩ ካስረዳኝ በኋላ ነው» ይላሉ።

አዲስ_ገቢ_21 | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡05

ሰላም ሁላችሁም። ክሩን አላነበብኩትም፣ ይቅርታ፤ ቸኩዬ ነው። ባሕር ዳር ወይም ዙሪያው የወፍ በሽታ መድኃኒት የሚሰጥ ጎበዝ ሰው ስልክ ያላችሁ? ለባለቤቴ ነው። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ቀናት አለፉ። ሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

የመራዊ_ልጅ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡09

እኔ የማውቀው አንድ ሰው አለ፣ ቁጥሩን [በመድረኩ አስተዳዳሪ ተሰርዟል]

ባለ_ፋርማሲዋ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡14

@አዲስ_ገቢ_21 ወንድሜ፣ ስልክ አትፈልግ። አሁን ባጃጅ ያዝና ሆስፒታል ይዘሃት ሂድ፤ ጤና ጣቢያ ላይ ጊዜ አታጥፋ። ምክንያቱን ልንገርህ። የወፍ በሽታ የምንለው ብዙ ጊዜ ሄፓታይተስ ነው። ኤ እና ኢ የሚባሉት አብዛኛውን ሰው በራሳቸው ይለቁታል፤ ለዚህ ነው የአዋቂው መድኃኒት «ፈወሰው» የሚባለው። በነፍሰ ጡር ላይ ግን ሄፓታይተስ ኢ ሌላ ነገር ነው። በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ገዳይ ሊሆን ይችላል። ቢ ከሆነ ደግሞ ሕፃኑ እንደተወለደ ክትባት ካልተሰጠው ከእናቱ ሊይዘው ይችላል። እርግዝናው ራሱ የሚያመጣው የጉበት ችግርም አለ። ደሟ ሳይታይ ማንም አይለየውም፤ እኔም፣ አዋቂውም።

እስካሁን የጠጣችው ነገር ካለ ዕቃውን ይዘህ ሂድና አሳያቸው። ግራ የሚያጋባ ነገር ከተናገረች፣ ከመጠን በላይ ካንቀላፋች፣ ካስመለሳት ወይም ከድድዋ ደም ካየህ እንደገባህ በር ላይ ተናገር፤ ካርድ እስክታወጣ አትጠብቅ።

ተመላላሽ_ክፍል | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡16

ዛሬ ድንገተኛ ክፍል ነኝ። የት ሰፈር ናችሁ? በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ በር ላይ እቀበላችኋለሁ።

አዲስ_ገቢ_21 | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡21

ዘንዘልማ ነን። እየወጣን ነው። ትናንት አንድ ሲኒ የጠጣችው አለ፤ ልይዘው?

ተመላላሽ_ክፍል | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡22

ያዘው። ከነሃይላንዱ።